ዓባይ በረሃ ውስጥ ሞተር ሲፈላ

በእንዲህ ያለው ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጨዋወተው ስለ ልጆች አያያዝ፣ ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ቤት ንጽሕና ነው። ዛሬ ግን ከቤት ወጣ ብለን ከአዲስ አበባ እስከ ደጀን አብረን እንጓዛለን። ጨዋታችን ስለ አንድ ሞተር ብስክሌት ራዲያተር መሆኑን ስትሰሙ፣ «ይህ የወንዶች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ የምትነሡ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም ከዚያች ቀን በፊት እንደዚያው እል ነበር። ጥቂት ታገሡኝ።

ጊዜው መስከረም 2007 ዓ.ም. ነው። የባለቤቴ አክስት የሚኖሩት ደጀን ከተማ ሲሆን፣ ለመስቀል በዓል እንድንመጣ ክረምቱን ሙሉ ሲልኩብን ከርመዋል። ልጆቹን እናቴ ዘንድ አስቀመጥንና ቡናና ስኳር ሸክፈን፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው በማለዳ ተነሣን። በበዓል ሰሞን የአውቶቡስ ወረፋ ምን ያህል እንደሚያስመርር ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ባለቤቴ ወደ ሥራው በሚመላለስበት ሞተር ብስክሌት ለመሄድ ተስማማን።

ያን ሞተር ያየ ሁሉ ያደንቀው ነበር። የነዳጅ ጋኑ እንደ መስታወት ያበራል፤ መቀመጫው አቧራ አያውቅም። ባለቤቴ እሑድ እሑድ ጨርቅና ሳሙና ይዞ ሲወለውለው ይውላል። ጊዜ ባጣ ጊዜ ደግሞ ላቫጆ ይወስደውና በኃይለኛ ውሃ አስመትቶ ይመልሰዋል። ሁለታችንም ልብ ያላልነው፣ ሁልጊዜ የሚወለወለው ዓይን የሚያየው ብቻ መሆኑን ነበር።

በአዲሱ ገበያ በኩል ወጥተን የእንጦጦን ተረተር ተሻግረን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ስንደርስ ብርዱ ጣት ይቆርጥ ነበር። ሜዳው አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ፈንድቶበታል። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር በየመንገዱ ላይ ውሃ አቁሯል፤ ከየገጠሩ መንገድ የወጡ መኪናዎች አስፋልቱን በጭቃ ለውሰውታል። ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፈን፣ የደብረ ሊባኖስን መገንጠያ በስተኋላ ትተን፣ ፍቼ ላይ ቁርስ በላን። ጫማዬም የባለቤቴም ሱሪ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። «ደጀን ስንደርስ እናጥበዋለን» ተባባልንና ጉዟችንን ቀጠልን። የፊተኛው ጎማ እኛ ላይ የረጨውን ያህል፣ ከኋላው ባለው ራዲያተር ላይም ጭቃውን ሲመርግበት መዋሉን ማናችንም አላሰብነውም። የደጋው ንፋስ ቀዝቃዛ ስለ ነበር ሞተሩም ምንም አላጉረመረመም።

ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ ምድር ከፊታችሁ ድንገት ትቆረጣለች። ከወዲያ ማዶ የጎጃም ደጋ በጭጋግ ውስጥ ይታያል፤ በመካከሉ ግን ከ1,000 ሜትር የሚበልጥ ጥልቀት ያለው ገደል አለ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ስለ ሆነ ነጂውንም ተሽከርካሪውንም የሚፈትነው ያ አጭር መንገድ ነው። መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚያጎብጠው ሥራው ማለቂያ የለውም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ በመጀመሪያ ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን። ዝንጀሮዎች በመንገዱ ዳር ተኮልኩለው ያላፊ አግዳሚውን እጅ ያያሉ። ታች ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ፊታችንን የመታን አየር ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ነበር። አሮጌው ድልድይ በአንድ ወገን ቆሟል፤ አጠገቡ በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የተመረቀው፣ በጠንካራ ገመዶች ተወጥሮ የቆመው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ ተዘርግቷል። ዓባይ ከሥር ክረምት ጠገብ ሆኖ፣ አፈር መስሎ ይወርዳል። ተሻገርንና ዳገቱን ጀመርን።

መከራችን የጀመረው እዚያ ነው። ከፊታችን አንድ የከባድ ጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል፤ መንገዱ ጠመዝማዛ በመሆኑ ለመቅደም አልተቻለም። በአንደኛ ማርሽ፣ ሁለት ሰውና ዕቃ ተሸክመን፣ በመኪናው ጭስና ሙቀት ውስጥ እንደ ኤሊ ተከተልነው። ጥቂት ቆይቶ በመሪው መካከል ቀይ መብራት በራ። ባለቤቴ፣ «ደጀን ቅርብ ነው፤ ይደርሳል» አለ። ሁለት ጠመዝማዛ እንደ ዞርን ጣፋጭ የሚመስል እንግዳ ሽታ ሸተተኝ፤ ቀጥሎም ከጉልበታችን ሥር ነጭ እንፋሎት ተትጎለጎለ። ሞተሩ ጉልበት አጥቶ ቆመ።

የቆምንበት ቦታ ከአንዲት ትንሽ መንደር ጫፍ ላይ ሲሆን፣ በቅጠል ዳስ ሥር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤቴ ፈጥኖ ወረደ፤ ጨርቅ በእጁ ጠቀለለና የራዲያተሩን ክዳን ለመክፈት አጎነበሰ። ሴትዮዋ ከዳሱ ውስጥ ሆነው ጮኹ።

«አንተ ልጅ! እጅህን አንሣ! እንዳትነካው!»

«ውሃ ልጨምርበት ነው እኮ፣ እማማ።»

«ውሃው ይቆይሃል። ዓይንህ ከጠፋ ግን ማን ይመልስልሃል?»

ባለቤቴ እጁን ሰበሰበ። ሴትዮዋም ወደ ጥላው ጠርተው ሻይ ቀዱልንና ነገሩን አጫወቱን። የበኩር ልጃቸው የከባድ መኪና ረዳት ነበር። ከዓመታት በፊት እዚያው ዳገት ላይ መኪናው ፈልቶባቸው ሲቆሙ፣ ሾፌሩ ሳያየው ክዳኑን ከፈተ። የፈላው ውሃ እስከ አገጩ ደርሶ ነበር። «ነፍሱ ተርፋለች፤ ተመስገን። ቀኝ እጁ ግን እስከ ዛሬ በደንብ አይዘረጋም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ዳስ ፊት ለፊት የቆመን ተሽከርካሪ ሳይጠሩ አልፈው አያውቁም።

ውድ እናቶች፣ ነገሩ ከእኛ ማድ ቤት የራቀ አይደለም። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ ደጋ ላይ የሚዘገይብን በዚህ ምክንያት ነው። የራዲያተር ክዳን ደግሞ እንደዚያ ባለ ጥብቅ ክዳን፣ በእንፋሎት ግፊት እንደሚያበስለው ድስት ነው። ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆም ቢሆን ግፊቱ ስለሚይዘው ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን በከፈታችሁ ቅጽበት ግን ግፊቱ ይለቀቅና ውሃው በሙሉ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ወደ ላይ ይተኮሳል። ጨርቅም ጓንትም ከዚህ አያድንም። ስለዚህ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ጠብቁ፤ ራዲያተሩ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክዳኑ አይከፈት። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

አደጋው አንዴ ከደረሰ ደግሞ የተቃጠለውን አካል ወዲያውኑ በንጹሕና በቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት። ቀለበትና ሰዓት ካለ እብጠት ሳይጀምር አውልቁ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይቀባም፤ እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን አፍነው ቁስሉን ያመረቅዙታል። በንጹሕ ጨርቅ ሳላ አድርጋችሁ ሸፍኑና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ፊት ወይም ዓይን ከተነካ ለአንድ ሰዓት እንኳ አይታደርም።

አንድ ሰዓት ያህል በጥላው ሥር ተቀመጥን። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሴትዮዋ መጥተው ከፊተኛው ጎማ በስተኋላ ያለውን፣ በደረቀ ጭቃ የተለሰነውን ነገር ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይህማ ወንፊት አይደለም እንዴ? የተደፈነ ወንፊት ምን ያሳልፋል?» አሉ። ባለቤቴ ለአፍታ ዝም አለ፤ ከዚያም ሣቀ። የዓመት ሙሉ ስህተታችንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩን።

በእርግጥም ራዲያተር ማለት ወንፊት ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ሙቀት ውስጥ ወደ ጉልበት የሚለወጠው ሩብ ወይም ሢሶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው በኩል መውጣት አለበት። ውሃው በሞተሩ ውስጥ እየዞረ ሙቀቱን ይቀበልና ወደ ራዲያተሩ ያመጣዋል። በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች መካከል እንደ ወረቀት የሳሱ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ ንፋስ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ቅጠሎቹ በጭቃ፣ በአቧራና በበራሪ ነፍሳት ሲደፈኑ ንፋሱ መግቢያ ያጣል። ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲነዱ ጉዳቱ አይታወቅም። ዳገት፣ ሸክምና ቆላ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ነገሩ ይፈርጣል። ቀይ መብራቱን ንቆ መንዳት ደግሞ ቴስታታ የሚባለውን የሞተር ራስ ያጣምማል፤ በሥሩ ያለውን ጋርኒሲዮን ያቃጥላል። ያን የሚያሳድሰው ገንዘብ ከቤታችን በጀት፣ ከልጆቻችን ደብተርና ጫማ የሚነሣ ነው። «እኛን ምን አገባን?» ለሚል መልሱ ይህ ነው።

ከሴትዮዋ ውሃ ለምነን ጭቃውን በጥቂቱ አለሰለስነው፤ ከቦርሳዬ ባወጣሁት የጥርስ ብሩሽ ከላይ ከላዩ አነሣንለት። ባለቤቴም በቀዘቀዘው ራዲያተር ላይ የጎደለውን ውሃ ሞላ። ለሻዩ የሚገባቸውን ከፍለን፣ መርቀውን ተነሣን። እያረፍን፣ ከጭነት መኪና ራቅ እያልን፣ ጀንበር ስትጠልቅ ደጀን ገባን።

በማግሥቱ ጧት በአክስቱ ግቢ ሥራው ተጀመረ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ገባሁበት። ያኔ የተማርሁት እነሆ።

በመጀመሪያ ሞተሩ ሌሊቱን ያደረ፣ ፍጹም የቀዘቀዘ ይሁን። ጥላ ሥር፣ በደልዳላ መሬት ላይ በመቆሚያው አቁሙት። ራዲያተሩን የሚከልለው ሽፋን ካለ ቡለኖቹን በካቻቪቴ ወይም በቁልፍ ፈትታችሁ አንሡና፣ ትናንሾቹ እንዳይጠፉ በአንድ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጡ። የደረቀውን ጭቃ አትፈቅፍቁት፤ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አርጥባችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተዉት። እንጀራ የደረቀበትን ሰፌድ አርሰን እንደምንተው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፤ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ብሩሹን በቅጠሎቹ አቅጣጫ ብቻ፣ ከላይ ወደ ታች ሳቡት፤ አግድም ከሳባችሁት ይታጠፋሉ። ማጠቢያው ውሃ ዝግ ብሎ የሚወርድ ይሁን። ውሃው ከሞተሩ ወገን፣ ማለትም ከኋላ ወደ ፊት ቢፈስስ ቆሻሻው በገባበት በር ይወጣል። ከፊት ብቻ ብትለቁት ግን ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል። የላቫጆ ኃይለኛ ውሃ ለራዲያተር ጠላቱ ነው። የእኛም ራዲያተር በአንድ ወገን ቅጠሎቹ እንደ ተኛ ሣር ተነጥፈው አገኘናቸው። በቀጭን እንጨት አንድ በአንድ ቀስ ብለን አቃናናቸው። በዚህ ጊዜ ቱቦውን እንዳትወጉ፤ ተበሳ ማለት ራዲያተሩ አለቀ ማለት ነው። የኤሌትሪክ ገመድ መጋጠሚያዎችንም በላስቲክ ሸፍኑ። ስትጨርሱ ብርሃን ከወዲያ ማዶ በቅጠሎቹ መካከል የሚታይ ከሆነ ወንፊቱ ተከፍቷል።

የውጪው ይህ ሲሆን የውስጡም አለ። የቧንቧ ውሃ ደጋግሞ ሲፈላ በሻይ ጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ሁሉ፣ በራዲያተር ውስጥም ይተዋል፤ ዝገትም ይጨምራል። ለዚህ ነው በውሃ ፈንታ ኩላንት የሚባለው ፈሳሽ የሚጨመረው። ብዙውን ጊዜ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ይደባለቃል፤ ከባትሪ ውሃ ሻጮች የሚገኘው የተጣራ ውሃ ለዚህ ይሆናል። ተደባልቆ የሚሸጥ ከሆነ ግን ሌላ ውሃ አይጨመርበትም። ኩላንት የመፍያውን ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ዝገትንም ይከላከላል። እኛ መንገድ ላይ እንዳደረግነው በችግር ጊዜ ንጹሕ ውሃ መሙላት ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያው መክረም የለበትም። አሮጌው ፈሳሽ በታችኛው መፍቻ ቡለን በኩል በገንዳ ይቀዳል፤ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይታጠባል፤ ከዚያም አዲሱ ቀስ ብሎ ይሞላል። ክዳኑ ሳይገጠም ሞተሩን ከቅዝቃዜው አስነሥቶ ጥቂት ማስሠራት የታመቀውን አየር ያስወጣል። ደረጃው ዝቅ ሲል ይጨመርበትና ይከደናል። ለአብዛኞቹ ሞተሮች ይህን በየሁለት ዓመቱ መለወጥ ይበቃል። እንደ እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዩ ከሆነ መካኒክ አጠገባችሁ ይሁን።

እዚህ ላይ እናቶች ሁሉ እንድታስተውሉልኝ የምለምነው አንድ ነገር አለ። ብዙው ኩላንት መርዝ ነው። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያለውና ጣዕሙ የሚጣፍጥ ስለ ሆነ ለልጅ ዓይን ከለስላሳ መጠጥ አይለይም። ጥቂቱ እንኳ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ይገድላልም። አክስት በዚያን ቀን የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉት የልጅ ልጆቻቸውንና ውሻውን ከግቢው ማስወጣት ነበር። የተቀዳው አሮጌ ፈሳሽ በሃይላንድ ፕላስቲክ አይቀመጥ፤ ግቢ ውስጥና ቦይ ላይም አይደፋ። መርዝነቱ በተጻፈበት ዕቃ ከድናችሁ ለጋራዥ ስጡ። ልጅ ጠጥቶ ከተገኘ እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ዕቃውን ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

«የእኛ ሞተር ራዲያተር የለውም» የምትሉም ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ በአገራችን ከሚታዩት ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ በንፋስ ብቻ የሚቀዘቅዙ ናቸው። እነዚህ በሲሊንደሩ ዙሪያ ወፍራም የብረት ክንፎች አሏቸው። በክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃም እንደ ጋቢ አልብሶ ሙቀቱን ያፍነዋል። ስለዚህ ያው ብሩሽ፣ ያው ሳሙና፣ ያው ትዕግሥት ያስፈልጋቸዋል። የዘይታቸውን መጠንና ንጽሕና መከታተልም አይዘንጋ፤ እነሱን ከሚያቀዘቅዙት አንዱ ዘይቱ ነውና።

መስቀልን በደስታ ውለን በሦስተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ዓባይ በረሃ ያው ነበር፤ ሙቀቱም፣ ጠመዝማዛውም፣ የሚያቃስቱት የጭነት መኪናዎችም አልተለወጡም። ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን ዳገት ግን ቀይ መብራት ሳናይ ወጣነው። የተለወጠው ነገር ከአንድ ብሩሽና ከግማሽ ቀን ሥራ አይበልጥም።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን ዳሱ ጋ ቆመን ነበር። አክስት የላኩትን ድፎ ዳቦ ለሴትዮዋ ሰጠናቸው። እሳቸው ዳቦውን ከመቀበላቸው በፊት ጎንበስ ብለው ወንፊቱን አዩ። «አሁን አየር ያገባል» አሉና ቀና ብለው የባለቤቴን ቀኝ እጅ ይዘው፣ ገልበጥ አድርገው ተመለከቱት። ምንም አላሉም። እኛም የማንን እጅ እያሰቡ እንደ ሆነ ስላወቅን ዝም አልን።

ውድ አንባቢያን፣ በቤታችሁ ሞተር ብስክሌት ካለ፣ የባለቤታችሁም ይሁን የወንድማችሁ ወይም የራሳችሁ፣ በሚቀጥለው እሑድ ጋኑ ሲወለወል አጠገቡ ቁሙና ከፊተኛው ጎማ በስተኋላ ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ብሩሹን አቀብሉ፤ ወይም እናንተው ጀምሩት። ሞተሩ የጋለ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ላይ ያረፈውን እጅ አስነሡ።